ደሴ ላይ የሚጥል በሽታ ክትትል፦ ነርሷ አንደኛ፣ ፋርማሲው ግን...

እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ክትትሏ ደሴ፣ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ነው። ከሐይቅ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ካርድ ክፍሉ ያው የምታውቁት ነው። በጠዋት ካልተሰለፉ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ነርሷ ጋ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው እናቴን ነው።

«እማማ፣ ሲጥላት ያዩት እርስዎ ነዎት። አንገቷ ወዴት ዞረ? መንቀጥቀጡ ከአንድ እጅ ጀመረ ወይስ መላ ሰውነቷን ነው የያዛት?»

እኔ ማሽን ነበር የጠበቅሁት። ለካ በሽታው በዋናነት የሚለየው ባየ ሰው ምስክርነት ነው። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ኢኢጂ የሚሉት፣ አጋዥ ነው፤ ውጤቱ ደህና ቢሆንም በሽታው የለም አያሰኝም። ከቻላችሁ በስልክ ቅረጹልኝ አለችን። በአንድ እጅ የሚጀምር ከአንጎል አንድ ቦታ የሚነሳ ነው፤ ሌላው ዓይነት ከመነሻው ሁለቱንም የአንጎል ክፍሎች ይይዛል። ሁሉም አይጥልም ደግሞ። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዞ የሚመለስ ልጅ አለ። መምህሩ «አትከታተልም» ብሎ የሚቆጣው ማለት ነው!

መንስኤውንም ጠየቅናት። የምጥ ጉዳት፣ የጭንቅላት አደጋ፣ ማጅራት ገትር ሊያመጡት ይችላሉ። ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። በለሃጭ አይጋባም።

ከዚያ የእህቴን ክንድ ገልጣ የእሳት ጠባሳውን አየች። እንጀራ ስትጋግር ጥሏት ነው።

«ምጣድ ላይ ብቻዋን አትሁን። ሲጥላት ክብሪት ማሽተቱን ይተዉት። በጎኗ ያስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ሰዓት ይያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው።»

«ጠበሉስ ልጄ?»

«ይጠመቁ እማማ። ክኒኑን ግን አንድም ቀን እንዳታስተጓጉል።»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት ሰምተው «ዱዓም ክኒንም ነው፣ አብሽሪ» አሏት። ወሎ ነዋ!

የታዘዘላት ፌኖባርቢታል ነው፣ ማታ ማታ የሚዋጥ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏት ነበር፤ ቀስ በቀስ ለቀቃት። በትክክል ከታከሙ ከ10 ታማሚዎች 7ቱ ያህል ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

አሁን ወቀሳው። ነርሷ «አታቋርጡ» ብላ ትሸኛችኋለች፣ ፋርማሲው መስኮት ላይ ስትደርሱ «አልቋል»። መቼ ይመጣል? «እንጃ፣ ጠይቁ»። ድንገት ማቋረጥ በሽታውን የሚያብሰው መድኃኒት ነው እኮ! የግል ፋርማሲ ደግሞ ያለ ማዘዣ አይሰጥም፤ ወረቀቱን ለማጻፍ እንደገና ሰልፍ። ሲያልቅ ቀድሞ ለታማሚ መደወል ምን ይከብዳል? ስልካችን ካርዱ ላይ አለ።

ነርሷን ከ5 5 ሰጥቻታለሁ፣ ፋርማሲውን 1። የምትሄዱ ካላችሁ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። መጀመሪያ ፋርማሲው መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ እዚያው ነርሷ ጋ የውጭ ማዘዣ አጽፉና ውጡ።