ላደር፣ ኮንና ፓራሹት፦ ለቅርጫት ኳስ የትኛው ይገዛ?

የቅልጥፍና መለማመጃ ተብሎ በአንድ ከረጢት የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ላደር (መሬት ላይ የሚዘረጋ የጠፍር መሰላል)፣ ኮኖች (የቦታ ምልክት የሚሆኑ ፕላስቲኮች) እና ወገብ ላይ ታስሮ ሲሮጡ ነፋስ እየያዘ ወደ ኋላ የሚጎትት ፓራሹት ይይዛል። ለቅርጫት ኳስ ከሆነ ገንዘቡን የሚያወጣው ኮኑ ነው። ፓራሹቱ ከረጢቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ በወጉ እስኪነፋ ድረስ 28 ሜትሩ ሜዳ ያልቃል።

ላደሩን ሲገዙ የፕላስቲክ እርከኖቹን በእጅ ገፋ ማድረግ ነው። ናይለኑ ጠፍር ላይ እንደልብ ከተንሸራተቱ ጥቂት ዙር ሳይሠራ ክፍተቱ ይዛነፋል፣ እግርም ይጠለፋል። አብረው የሚመጡት ካስማዎች ለሣርና ለአፈር እንጂ ለሲሚንቶ ሜዳ አይሆኑም፤ ማዕዘኖቹን በፕላስተር ማጣበቅ ግድ ነው፣ የበጋው አቧራ ካልተጠረገ ደግሞ እሱም አይይዝም። እንዲያውም ጠመኔ ይበቃል፦ ወርዳቸው 50፣ ርዝመታቸው 45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ሳጥኖች። የተሳለ ላደር ማንንም አይጠልፍም።

ላደር እግርን ምት ያስይዛል፣ ለማሟሟቂያም ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ግን ብዙ አይጠበቅበት። ርምጃው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተከላካይ ደግሞ የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ቆም ሲል፣ የባላጋራውን አካሄድ አይቶ ሲዞር ነው።

ይህን የሚያሠለጥነው ኮን ነው። ከቅርጫቱ ሥር ያለው ሳጥን ወርዱ 4.9 ሜትር፣ ከመጨረሻው መስመር እስከ ነጻ ውርወራው መስመር ደግሞ 5.8 ሜትር ነው፤ መለካት ሳያስፈልግ አራቱ ማዕዘን ላይ ኮን ይቀመጣል። ከነጻ ውርወራው መስመር ግራ ጫፍ ተነሥቶ መጨረሻው መስመር ላይ ወዳለው ኮን መሮጥ፣ በጎን ርምጃ ወደ ቀኝ፣ ፊትን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ በጎን ወደ መነሻው። መሬቱን ነክቶ ያንኑ መንገድ በተቃራኒው መመለስ። ሁለት ስህተት ይበዛል፦ በጎን ሲሄዱ እግርን ማነባበርና ቀጥ ብሎ ቆሞ መዞር። ዳሌ ካልወረደ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጅማት የሚጎዳው ያኔ ነው። ሥራው ሲለመድ ጓደኛ ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ አቅጣጫ ያሳይ።

ስድስት ዙር በቂ ነው፣ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ጡንቻ ቶሎ አያገግምም፣ ስለዚህ ማርቆስ ላይ ዕረፍቱን ማስረዘም እንጂ ዙሩን መጨመር አያዋጣም። እግር መዘግየት ሲጀምር ይቁም።

ከኮኖቹ ሳህን መሰሉን ዝርግ መምረጥ፣ ከመክፈልም በፊት አንዱን ረገጥ ማድረግ፤ ጎብጦ የሚመለስ ከሆነ ይገዛል፣ ከተሰነጠቀ ይመለሳል። በምትኩ ድንጋይ ወይም ሃይላንድ የሚደረድሩ አሉ፤ ሲረገጥ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። በክረምት የራሰ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ኮንም ቢሆን አይዘረጋ።