ብረት ራሱ ሰውዬ፦ ሁለቴ የገዛሁት የፒራሚድ ሄድ ፊግማ

በመጀመሪያ ልናዘዝ። ይሄን አሻንጉሊት ሁለት ጊዜ ነው የገዛሁት። የመጀመሪያው ፎርጅድ ነበር።

የማወራው ስለ ፒራሚድ ሄድ ነው። ሳይለንት ሂል 2 ላይ ያለው፣ ጭንቅላቱ የዛገ ብረት የሆነው፣ ቁመቱን የሚያህል ቢላዋ መሬት ለመሬት እየጎተተ የሚሄደው። ጌሙን ኮናሚ በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው፤ በ2024 ደግሞ ብሉበር ቲም የሚባል የፖላንድ ስቱዲዮ እንደ አዲስ ሠራው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ጌም ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ግን ሳይለንት ሂል የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። በሰዓት እየከፈልክ፣ ከኋላህ አምስት ስድስት ልጅ ቆሞ «ጨርስ እንጂ!» እያለህ፣ ጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ የሚራመድ ሰውዬ ማን ይጫወታል? ፊፋ ነው፣ ቴከን ነው፣ ሞርታል ኮምባት ነው፣ አለቀ። ፒራሚድ ሄድን ያገኘሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ የሌሊት ሥራ እየሠራሁ በእረፍቴ ቀን እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሰሞን ነው። ብቻዬን፣ መብራት አጥፍቼ። አይመከርም።

ልጅ ሆነን ፊልም ስናይ ሰው ሁሉ ወይ አክተር ነው ወይ ወንበዴ። ይሄኛው ግን ወንበዴ ለመባል እንኳ ያስቸግራል። አያወራም፣ አይፎክርም፣ ዓለምን ልግዛ አይልም። ፊትም የለው። ዋናው ገጸ ባህሪ ጄምስ የሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ልካልኛለች ብሎ ሳይለንት ሂል ወደምትባል ከተማ ይመጣል፣ ይሄ ፍጡር ደግሞ የሄደበት ይከተለዋል። ለምን እንደሚከተለው አልነግራችሁም፣ ጌሙን ለመጫወት የምታስቡ ትኖራላችሁ። ቅጣት ነው፣ እሱን ብቻ ያዙ። ፍጡሩን የፈጠረው ማሳሂሮ ኢቶ መጀመሪያ ጭንብል ያጠለቀ ነገር ሞክሮ ነበር አሉ፤ ሲያየው ጭንብል ያደረገ ሰው ሆነበትና ተወው፣ ከዚያ ነው ይሄን ሹል ብረት የደፋበት። የብረቱ ማዕዘን ራሱ ሕመም እንዲመስል ነው የታሰበው። ደግሞም ይመስላል።

ስለዚህ እኔ ከአሻንጉሊቱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክብደት። ግራም ማለቴ አይደለም፤ ያው ፕላስቲክ ነው። ያ ብረት አንገቱን ሲጫነው፣ ያ ቢላዋ ክንዱን ወደ መሬት ሲስበው ማየት እፈልጋለሁ። ጌሙ ውስጥ ጄምስ ራሱ ያንን ቢላዋ የሚያገኝበት ቦታ አለ፣ ይዞት ሲሄድ እግሩ ተሳስሮ ነው የሚጎትተው፤ እዚያ ነው ሰውየው ምን ዓይነት ጉልበት እንዳለው የሚገባህ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ሻጭ በ30 ዶላር አገኘሁት። ኦሪጅናሉ የዚህ ሦስት እጥፍ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሆዴ «ምናልባት ዕድል ነው» አለኝ፣ እኔም ሆዴን ሰማሁት። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፣ ፀሐይ የመታው አዲስ የሸራ ጫማ ሽታ። ብረቱ ላይ ዝገት ሳይሆን ቡናማ ቀለም የተቀባ ይመስላል፣ ያውም የሚያብለጨልጭ። ቢላዋው እንደ ሙዝ ጎብጧል። የግራ እጁን ልቀይር ስል መሰኪያው ውስጡ ተሰብሮ ቀረ። ቆሞ እንኳ አያውቅም፤ ሌሊት መደርደሪያው ላይ ሲወድቅ ሰምቼ ሌባ መስሎኝ ተነስቻለሁ።

እማዬ ያን ሰሞን ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አየችውና ሳቀች። «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ባልዲ የደፋው?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ባልዲ የደፋ ሰውዬ ነበር።

ኦሪጅናሉን ያመጣሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ በጉዳዩ ከሚታወቅ ሱቅ፣ ከነመላኪያው ወደ 100 ዶላር። ፊግማ ማለት የጃፓኑ ማክስ ፋክተሪ ከ2008 ጀምሮ የሚያወጣቸው ተጣጣፊ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ይሄኛውን ያመረተው ፍሪዪንግ የሚባል ኩባንያ ነው። ሳጥኑ ላይ ስሙ ፒራሚድ ሄድ አይልም፣ «ሬድ ፒራሚድ ቲንግ» ነው የሚለው፣ እንዳትደናገጡ፣ ያው ነው። ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ግን እየቆዩ ደግመው ያመርቱታል።

ልዩነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፣ እንደዚያም ሆኖ ከሌሎቹ ፊግማዎች ጎን ሲቆም ይገዝፋል። ዝገቱ ዝገት ነው። አንድ ቦታ ጠቆር፣ አንድ ቦታ ብርቱካን፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የተፋቀ ብረት የሚመስል መስመር አለው፤ አያብለጨልጭም፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሽርጡን ስታዩት ቅዳሜ ማታ ላይ ያለ የሉካንዳ ቤት ሽርጥ ነው የሚመስለው፣ ከዚህ በላይ ልገልጸው አልችልም። አንገቱን ትንሽ ወደ ፊት ደፋ፣ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ፣ ቢላዋውን ከኋላ መሬት አስነክቶ አንድ እግሩን ማስቀደም፤ በቃ፣ ያ የብረት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እጆቹ ይቀያየራሉ፣ ከቢላዋው ሌላ ጦርም አለው። ጦሩን አንድ ቀን አስይዤው ነበር፣ ግን ያለ ቢላዋው ሰውየው ሥራ የፈታ ዘበኛ ነው የሚመስለኝ፣ መለስኩት።

እንከን የለውም አልልም። ሽርጡ ለስላሳ ፕላስቲክ ቢሆንም እግሩን ሰፋ አድርጎ እንዲቆም አይፈቅድለትም። ቀና ብሎ እንዲያይ ብትፈልጉ ብረቱ ጀርባውን ይነካና ይቆማል። ቢላዋውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እንዲያነሳ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ፣ መጨረሻ ላይ ሆነ፣ ግን ያለ ማቆሚያው አይቆምም፣ ማቆሚያው ደግሞ ከጀርባ የሚሰካ ዘንግ ስለሆነ ፎቶ ላይ ይታያል። እጅ መቀየሪያው መሰኪያ ቀጭን ነው። ጠበቅ ካለ በጉልበት አትጠምዝዙት፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፣ ቅቤ ይሆናል። የእኔ ቢላዋ ጫፉ ላይ ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አቃንቼ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ተስተካከለ። ይሄን ዘዴ ለፎርጅዱም ሞክሬው ነበር፣ በማግስቱ ተመልሶ ሙዝ ሆነ። አንድ ደግሞ፦ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፣ ፀሐይ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም ያበላሸዋል።

100 ዶላር ያወጣል? ጌሙን ለሚወድ ሰው አዎ፣ ያለ ክርክር። «አሪፍ ጭራቅ ነው» ብላችሁ ብቻ ከሆነ ግን ብሩን ለጌሙ አውሉት፣ ከዚያ ራሳችሁ ትመጣላችሁ። ከገበያ ጠፍቶ 200 እና 250 ሲጠሩበት ካያችሁም አትቸኩሉ፣ እንደገና እስኪያመርቱት መጠበቅ ነው። 30 ዶላር ካያችሁ ደግሞ፣ ያው የኔን ታሪክ ሰምታችኋል።

እማዬ ኦሪጅናሉን ስታይ አልሳቀችም። በስመ አብ ብላ አማተበች፣ ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ፊቱን (ፊት ከተባለ) ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። መለስኩት። አዞረችው። ሦስተኛው ቀን ላይ መደርደሪያው ረጥቦ አገኘሁት፤ ከአገር ቤት በሃይላንድ ያመጣችውን ጸበል ረጭታበታለች። ለግምገማው ያህል፦ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

አሁን ኮምፒውተሬ ጎን ነው ያለው። እማዬ አዲስ አበባ ሆና ስትደውል ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ሥራ ትጠይቃለች፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ያ ብረት ራሱ ሰውዬ አሁንም አለ?»