ግራኮ ፎርኤቨር ዲኤልኤክስ፦ አሥር ዓመት የሚያገለግለው ካርሲት የቱ ላይ ያዋጣል?

ግራኮ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ፎርኤቨር ዲኤልኤክስ ካርሲት (የልጆች የመኪና ወንበር) ገዢ የሚስበው አንድ ጊዜ ተገዝቶ አሥር ዓመት በማገልገሉ ነው። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነው፤ ቅናሽ ሲወጣ ከዚያም ይወርዳል። ልጁ ከ4 እስከ 40 ፓውንድ (18 ኪሎ ግድም) ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ ይቀመጥበታል። ከ22 እስከ 65 ፓውንድ ወደ ፊት ዞሮ በካርሲቱ ማሰሪያ ይታሰራል። ከ40 እስከ 100 ፓውንድ የመኪናው ቀበቶ ይይዘዋል፤ በመጨረሻም መደገፊያው ወልቆ እስከ 120 ፓውንድ ድረስ ከፍ ማድረጊያ (ቡስተር) ብቻ ይሆናል። ለዋጋው የሚያዋጡት ከእነዚህ አጠቃቀሞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የኋለኞቹን በርካሽ የሚገኝ ተራ ቡስተርም ይሠራቸዋል።

ለአራስ ልጅ መጠቀም ይቻላል፣ ግን አይመችም። ከ20 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝንና መኪናው ላይ ታስሮ ስለሚቀር፣ ሕፃኑ መንገድ ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ፈትቶ ማቀፍ ግድ ነው። በየቀኑ መኪና የሚቀያይር ወይም በታክሲ የሚሄድ ቤተሰብም ባይገዛው ይሻላል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው መንገድ ላች ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት መንጠቆዎች በመኪናው መቀመጫና መደገፊያ መካከል ካሉት የብረት ዘንጎች ጋር ጠቅ ብለው ይያያዛሉ። ሁለተኛው የመኪናው ቀበቶ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፤ አምራቹ ሁለቱን ባንድ ላይ አልፈተነም። በአንድ እጅ ማሰሪያው የሚያልፍበትን ቦታ በኃይል ወደ ታች እየተጫኑ፣ በሌላው የማሰሪያውን ጫፍ ይሳቡ። ሳይጫኑ የሳበ ሰው እጁ እስኪደክም ቢታገል እንኳ ላላ ያለ ካርሲት ነው የሚቀረው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ማሰሪያው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ሲነቀንቁት ከ1 ኢንች (2.5 ሴንቲሜትር) በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ሲቀመጥ የካርሲቱ አናት ትንሽ ቢወዛወዝ ችግር የለውም፤ አናቱን ይዘው አይፈትኑ።

ላች የክብደት ገደብ አለው። የልጁና የካርሲቱ ክብደት ተደምሮ 65 ፓውንድ ሲደርስ ወደ ቀበቶ ይዞራል፤ ልጁ 40 ፓውንድ ሲጠጋ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማየት ነው። ወደ ፊት ሲዞር ደግሞ ከአናቱ የሚወጣውን የላይኛውን ማሰሪያ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ይህ ማሰሪያ በግጭት ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወደ ፊት የሚወረወርበትን ርቀት ይቀንሳል፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ጌጥ ነው።

ካርሲቱን ወደ ኋላ የሚያጋድለው መጋደያ ስድስት ደረጃ አለው፤ ከ1 እስከ 3 ወደ ኋላ ለዞረ፣ ከ4 እስከ 6 ወደ ፊት ለዞረ ልጅ ነው። አራስ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና ትንፋሹ ይታፈናል፤ ስለዚህ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ጎኑ ላይ ያለው የመጋደል መለኪያ መታየት አለበት።

ካርሲቱ የሚመሰገንበት የትከሻው ማሰሪያ ከራስ መደገፊያው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው፤ አሥር ደረጃ አለው፣ ማሰሪያ ፈትቶ መልሶ ማስገባት የለም። ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ለዞረ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል። የደረቱ መቆለፊያ በብብቱ ትክክል ይሁን። ማጥበቂያውን ከመሳብዎ በፊት ዳሌው ላይ የተደበቀውን የላላ ማሰሪያ ወደ ላይ ይሰብስቡ። ከዚያ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት ማሰሪያው ከታጠፈ ገና ላላ ነው። ወፍራም የክረምት ጃኬትም ሆነ ጋቢ ከማሰሪያው ሥር አይግባ፤ በግጭት ጊዜ ተጨምቆ ክፍተት ይፈጥራል። ጋቢው ልጁ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይደረብለት። (እናቶቻችን በዚህ አይስማሙም፤ ብርዱ ግን በሁለቱም መንገድ ይመለሳል።)

ወደ ኋላ የዞረ ካርሲት ትንሽ መኪና ውስጥ የፊት ተሳፋሪውን ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር ያገናኛል። ከሹፌሩ ኋላ ካስቀመጡት የሹፌሩ ደረት ከመሪው ቢያንስ 10 ኢንች (25 ሴንቲሜትር) መራቁን ይለኩ፤ ካነሰ ካርሲቱን ወደ መሐል ወይም ወደ ቀኝ ይውሰዱ። ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ የዞረ ካርሲት በፍጹም አይቀመጥም።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው ሰው የመኪናውን ቀበቶ አስቀድሞ ይፈትሽ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች የተሳፋሪው ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይቆለፋል፤ ግራኮውም የሚተማመነው በዚሁ ነው። ከሌላ አገር በመጣ መኪና ቀበቶው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ካርሲቱ ቀስ በቀስ ይላላል። መኪናው የአይሶፊክስ ዘንግ (የላች መንጠቆ የሚያያዝበት የብረት ዘንግ) ካለው በላች ማሰር፣ ከሌለው ኤች ቅርጽ ያለው የብረት መቆለፊያ ቀበቶው ላይ መጨመር ያስፈልጋል። የላይኛው ማሰሪያ መያዣ ከሌለም ልጁን እስከ 40 ፓውንድ ወደ ኋላ አዙሮ ማቆየት ይሻላል፤ በዚያ አቀማመጥ አያስፈልገውም።

ጨርቁ ማሰሪያው ሳይፈታ ወልቆ በማሽን ይታጠባል። ማሰሪያው ግን ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅና በቀላል ሳሙና ይጠረጋል። የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪና ጭማቂ የመቆለፊያውን ቀይ ቁልፍ ያጣብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግራኮ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሌሎች ካርሲቶቹን ለእርማት መልሶ የጠራው በሚጣበቅ መቆለፊያ ምክንያት ነበር። ቁልፉን ለብ ባለ ውኃ ያለቅልቁት፤ ዘይት አያስነኩት። ከዘመድ የሚረከቡ ከሆነ ደግሞ አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ዓመት ፕላስቲኩ ላይ ፈልገው ያንብቡ፤ ከባድ ግጭት ገጥሞት እንደሆነም ይጠይቁ።