ፓሪስ ለምትሄዱ የድሬ ልጆች፦ ከሉቭር ሙዚየም በፊት ኦርሴን እዩ

አቦ፣ ፓሪስ ሊሄድ ቪዛ የተመታለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አይፍል ማማ ነው። ማማው ጥሩ ነው። 330 ሜትር ነው፣ ከብዙ ቦታ ይታያል፣ ፎቶ ተነሱና እለፉ። ድሬዳዋ ተወልዶ የባቡር ጡሩምባ እየሰማ ላደገ ሰው ግን እኔ የምመክረው ኦርሴ ሙዚየምን ነው። ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጠዋለሁ፣ ሳላመነታ።

ሕንጻው ድሮ ባቡር ጣቢያ ነበር። በ1900 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለዓለም ኤግዚቢሽን ተብሎ ሴይን ወንዝ ዳር ተሠራ። የኛ ድሬ ላይ ባቡር የደረሰው በ1902 ነው፣ ስለዚህ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። በኋላ ባቡሮቹ እየረዘሙ ሲመጡ የኦርሴ መድረክ አጠራቸው፣ በ1939 የረጅም መንገድ ባቡር መግባቱ ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ የተመለሱ ሰዎች መቀበያ ሆኖ ነበር። ቆይቶ ደግሞ አፍርሰው ሆቴል ሊሠሩበት አሰቡ። እንዳይፈርስ የተከራከሩ ሰዎች አሸነፉና በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው 32 ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ ብረትና መስታወት፣ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ባቡር ይቆምበት የነበረው መሃሉ ላይ አሁን ሐውልቶች ተደርድረዋል። ትልቁ ባለ ወርቅ ሰዓት ከነግርማው ግድግዳው ላይ አለ። አባቱ ወይም አጎቱ ሸመንደፈር የሠራ ሰው እዚህ ሲቆም የሚሰማውን ሌላው ቱሪስት የሚያውቀው አይመስለኝም፣ እኔ ሥዕሎቹ ጋ ከመድረሴ በፊት ብረቱን፣ ቅስቱን፣ ሰዓቱን ሳይ ልቤ ሞላ። ደግሞ የከተማው ባቡር ዛሬም ከሥሩ ያልፋል። እና ስለ ድሬው ለገሀር፣ ስለ ድሮው ባቡር ጣቢያችን አሰብኩ። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት የድሮ ማሽኖች፣ ፉርጎዎቹ፣ ሊቶሪናው (ባለ ሞተሩ የመንገደኛ ባቡር)፣ ይሄ ሁሉ እንዲህ ተይዞ ለልጆቻችን ቢታይ ምን ይጎድለዋል? ምንም። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ የራሱ ጣቢያ አለው፣ የድሮው ለታሪክ ይሁን።

ወደ ሥዕሎቹ። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፣ እግራችሁ ያልቃል። ሞኔ በ1877 የሣለውን የሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ፈልጉ፤ ባቡሩ እየተንፈቀፈቀ ሲገባ ጭሱ ጣሪያውን ሰማያዊ አድርጎታል። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆሞ የባቡር ጣቢያ ሥዕል ማየት በጣም ደስ ይላል። የሚሌ ሥዕል ደግሞ አለ፣ ሦስት ሴቶች ጎንበስ ብለው ቃርሚያ ሲለቅሙ። 1857 ነው የተሣለው፣ ግን በማሽላ አጨዳ ሰሞን ሐረርጌ ገጠር ያለፈ ሰው ሴቶቹን ያውቃቸዋል። ቫን ጎግ ላይ ሰው ይበዛል፣ ታገሡና ጠብቁ፣ በሮን ወንዝ ላይ የሣለው የኮከብ ሌሊት ቀለሙ በስልክ እንደምታዩት አይደለም።

የሐረር ልጆች፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። ፋንታን ላቱር በ1872 የሣለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ የተሰበሰቡ ገጣሚዎችን የሚያሳይ ሥዕል አለ። በግራ በኩል ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ አገጩን እጁ ላይ ያሳረፈ ልጅ ታያላችሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነበር፣ ሐረር የሚባል ከተማ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ጀጎል የገባው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1880 መጨረሻ ላይ ነው፣ ቡናና ቆዳ ሊነግድ። ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤትን ጎብኝታችሁ ከሆነ ይሄን ፊት ሳታዩ እንዳትመለሱ። እኔ ከፊቱ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ቬርሌን ነው።

አሁን ገንዘቡ። መግቢያው 16 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ወደ ብር ስትመቱት ያማል፣ ግን ያወጣል። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አትስጉ። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ለሁሉም ነፃ ነው፣ ሆኖም በኢንተርኔት ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ሰኞ ዝግ ነው! ሐሙስ እስከ ማታ 3፡45 በኛ ሰዓት ክፍት ስለሆነ እኔ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሂዱ እላለሁ፣ ሰዉ ይቀንሳል፣ ትኬቱም ረከስ ይላል። ምቹ ጫማ አድርጉ። ጽሑፎቹ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ናቸው፣ አሊያንስ ፈረንሳይኛ የተማራችሁ ልጆች እዚህ ትጠቀሙበታላችሁ። አምስተኛ ፎቅ ላይ በትልቁ ሰዓት መስታወት ውስጥ ከተማው ይታያል፣ ለፎቶ ወረፋ አለ።

ስትወጡ ወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ አለ፣ በሴኔጋሉ ፕሬዚዳንትና ገጣሚ በሴንጎር ስም የተሰየመ። በሱ ተሻግራችሁ የቱይለሪ አትክልት ቦታ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ፣ ሉቭር ከዚያ በእግር ነው። ሉቭርን ግን በሌላ ቀን ግቡበት፣ ማክሰኞ አይከፈትም።