የጌም ተዋጊዎችን ግድግዳ ላይ ማውጣት፦ የአንድ የአዳማ ማተሚያ ቤት ግምገማ

አዳማ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚከፍት ሰው ከቴሌቪዥኑና ከጆይስቲኩ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ግድግዳው ነው። አብዛኛው የኳስ ተጫዋች ፎቶ ለጥፎ ይገላገላል። ለድብድብ ጌም ግን ከተለያየ ጌም ወይም ኮሚክ የመጡ ጀግኖች አንድ ላይ የሚጋጠሙባቸውን ተከታታይ ጌሞች የሚያህል የግድግዳ ሥዕል የለም። ለነዚህ ጌሞች የተሠሩት ኦፊሴላዊ ሥዕሎች የትልልቅ ሠዓሊዎች ሥራ ናቸው፤ ተበላሽተው ሲታተሙ ማየት ያበሳጫል።

እዚህ የምንገመግመው መሃል ከተማ ያለ የባነርና የስቲከር ማተሚያ ቤት ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ የምንለው አብዛኛው ነገር ተመሳሳይ ማሽን ላላቸው ሌሎች ቤቶችም ይሠራል። የታዘዘው ሥራ ሦስት ዓይነት ነው፦ የሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት የሁሉም ተዋጊዎች ሥዕል በባነር፣ የኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ሥዕሎች በፎቶ ወረቀት፣ ከኤክስሜን ቨርሰስ ስትሪት ፋይተር የተወሰደ የጌም ስክሪን በስቲከር። ባነሩ ያኮራል። ፎቶ ወረቀቱ ቀለም ላይ ይወድቃል። ስቲከሩ አጠገባቸው ቆማችሁ ካልተከታተላችሁት ገንዘባችሁን ይበላል።

ከባነሩ እንጀምር። አልቲሜት በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ለኒንቴንዶ ስዊች ሲወጣ ተዋጊዎቹን በሙሉ በአንድ ረዥም ሥዕል አሰልፎ ነበር። በኋላም አዲስ ተዋጊ በመጣ ቁጥር እዚያው ላይ ተጨመረ፤ የመጨረሻው በጥቅምት 2021 የገባው ሶራ ሲሆን የያዘው ቁጥር 82 ነው። ስለዚህ ፋይሉን ስታወርዱ ሶራን ፈልጉት። ከሌለ የያዛችሁት አሮጌውን ነው።

ሥዕሉ ጎኑ በጣም ረዥም፣ ቁመቱ አጭር ነው። ማተሚያ ቤቱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት በስንት?» ብሎ ነው። «3 በ1» ካላችሁ ባለሙያው ኮረል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጎትቶ ልክ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ማሪዮ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ከርቢ ደግሞ እንቁላል ይሆናል። መፍትሔው አንድ ልክ ብቻ መስጠት ነው። ጎኑን 3 ሜትር በሉና ቁመቱ በራሱ ይውጣ። ከርቢ ድቡልቡል ስለሆነ መወጠሩ ቶሎ የሚታወቀው እሱ ላይ ነው፤ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑ ላይ እሱን እዩት።

የጥራቱ ጉዳይ ቀላል ሂሳብ ነው። ከ2 ሜትር ርቀት ለሚታይ ባነር በአንድ ኢንች 72 ነጥብ ይበቃል። 3 ሜትር 118 ኢንች ስለሆነ ጎኑ 8,500 ፒክስል ገደማ ያለው ፋይል ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ወደ 1,280 ፒክስል የወረደ ሥዕል በዚያ ልክ ሲታተም በአንድ ኢንች 11 ነጥብ እንኳ አይሞላም። እነማሪዮ እንደምንም ይለያሉ፤ ትንንሾቹ ኦሊማርና ሚስተር ጌም ኤንድ ዋች ግን ጭቅቅት ይመስላሉ። ስትልኩ «ፋይል» በሚለው ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ውሰዱት።

ማሽኑ ጥሩ ነው፣ የሚያጣድፉት ሰዎቹ ናቸው። ካልተነገራቸው በ4 ፓስ፣ ማለትም የማተሚያው ራስ በአንድ ቦታ ላይ 4 ጊዜ ብቻ እያለፈ፣ ያትማሉ፤ ያኔ ሰማዩና ሌላው ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ አግድም ሽንትር ይወጣል። 6 ወይም 8 ፓስ ጠይቁ፤ ሰዓቱ ይረዝማል እንጂ ልዩነቱ ለማንም ይታያል። የአዳማ አቧራና ነፋስ ኖዝል (ቀለም የሚረጭበትን ቀዳዳ) እንደሚደፍንም አትርሱ። የሙከራ መስመሮቹን አሳትመው ያሳዩዋችሁ፤ ከመስመሮቹ አንዱ እንኳ ቢቆራረጥ መጽዳት አለበት። መብራት ሄዶ መሃል ላይ የቆመ ሥራ ሲቀጥል መጋጠሚያው ላይ መስመር ይተዋል። ይህ ቤት እንዲህ የሆነውን ሥራ ሳያስከፍል እንደገና አትሟል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ሰማያዊ ቀለም ላይ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። በስክሪን ደማቅ የሆነ ሰማያዊ ወደ ማተሚያ ቀለም ሲቀየር ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ሶኒክና ሜጋ ማን ሐምራዊ ለብሰው ይወጣሉ። ምክንያቱ የማጀንታው (የሮዝማው ማተሚያ ቀለም) መጠን ወደ ሲያኑ (ወደ ሰማያዊው) መጠን መጠጋቱ ነው። ማጀንታው ከሲያኑ ቢያንስ በ30 በመቶ ነጥብ እንዲያንስ አድርጉት ብትሏቸው ባለሙያው ይገባዋል፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባነሩ የሚሰቀልባቸው የብረት ቀለበቶች በየ50 ሳንቲም ሜትር ይመታሉ። በሥዕሉ ዙሪያ 5 ሳንቲም ሜትር ባዶ ጠርዝ ካልተዋችሁ ቀለበቱ የአንዱን ተዋጊ ግንባር ይበሳል።

ወደ ፎቶ ወረቀቱ ስንመጣ ቅሬታችን ከፍ ይላል። ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኤስኤንኬ የሌሎች ጌሞቹን፣ ለምሳሌ የፌታል ፉሪንና የአርት ኦፍ ፋይቲንግን፣ ተዋጊዎች አንድ ላይ አመጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥዕሎች የሠራው ሺንኪሮ የሚባለው ሠዓሊ ነው። የሺንኪሮ ሰዎች እውነተኛ ሰው ይመስላሉ። የቆዳቸው ጥላ ቡናማና ግራጫ ነው፣ ልብሳቸው የጨርቅ እጥፋት አለው፣ ቀለሙ አይጮህም። የዚህ ማተሚያ ቤት ባለሙያ ግን ሥዕሉን ሲያየው «ደብዝዟል» ብሎ ብርሃኑንና ኮንትራስቱን ከፍ ያደርጋል። ውጤቱን አጠገቡ ሆኖ ላየው ያሳዝናል፤ የቴሪ ቦጋርድ ፊት ብርቱካን ይሆናል፣ የኪዮ ኩሳናጊ ጥቁር የተማሪ ልብስ ደግሞ እጥፋቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል። ሠዓሊው የለፋበት እኮ እሱ እጥፋት ነበር!

«ቀለሙን አትንኩት» በሉ፤ ትእዛዙ ላይም ይጻፍ። ከዚያ ፊትና ጥቁር ልብስ አንድ ላይ የያዘ 10 ሳንቲም ሜትር ቁራጭ አሳትማችሁ ውጭ፣ በቀን ብርሃን እዩት። የሱቁ አምፖል ያታልላል። ለኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3,508 በ4,961 ፒክስል ይፈለጋል። ከመጽሔት ስካን የተደረገ ከሆነ የኅትመቱ ነጠብጣብ ከአዲሱ ጋር ተጋጭቶ መረብ የመሰለ ነገር ይፈጥራል፤ ስካን ሲደረግ ነጠብጣቡን የሚያጠፋው ምርጫ መብራት አለበት። ወረቀቱ የማያብረቀርቀው ዓይነት ይሁን። የጌም ቤት ፍሎረሰንት የሚያብረቀርቀው ላይ ሲያርፍ ግማሹ ሥዕል አይታይም።

ስቲከሩ ዕውቀት የሚጠይቀው ሥራ ነው። ኤክስሜን ቨርሰስ ስትሪት ፋይተር የማርቭል ኮሚክ ጀግኖችን ከስትሪት ፋይተር ተዋጊዎች ጋር የሚያጋጥም የ1996 (እ.ኤ.አ.) ጌም ነው፤ ሠሪው ካፕኮም በ2024 ባወጣው ሰባት ጌሞችን በያዘው የማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ስብስብ ውስጥም ይገኛል። የመጫወቻ ማሽኑ ስክሪን 384 በ224 ፒክስል ነበር፤ ግን ፒክስሎቹ እኩል ጎን የላቸውም። በ4:3 ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ጎኑ ይጠባል። ጥሬውን ፋይል እንዳለ ካተማችሁት ሪዩ ወፍሮና አጥሮ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ ጎኑን 7 እጥፍ፣ ቁመቱን 9 እጥፍ ማሳደግ ነው፦ 2,688 በ2,016 ይሆናል፣ ልክ 4:3። በ100 ዲፒአይ 68 በ51 ሳንቲም ሜትር ይወጣል። ፎቶሾፕ ላይ ስታሳድጉ «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ምረጡ፤ ሌላው ሁሉ አራት ማዕዘኖቹን ያሟሟቸዋል። በዚህ ቤት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «እናጥራው» ብለው ነበር። አትፍቀዱ፤ ሦስት አራት ፒክስል ብቻ የነበረውን ዓይን የራሱ ፈጠራ ያደርገዋል።

የዚህ ቤት ትልቁ ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሶልቨንት (በሚተን ኬሚካል የቀጠነ) ቀለም የታተመ ስቲከር ላሚኔሽን (መከላከያ ፕላስቲክ) ከመልበሱ በፊት 24 ሰዓት መተንፈስ አለበት። እነሱ በዚያው ሰዓት ያለብሳሉ። ሶልቨንቱ ውስጥ ታፍኖ ሙጫውን ያላላዋል፤ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ መሃሉ አረፋ ያወጣል፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። «ነገ ላሚኔት አድርጉት፣ ከነገ ወዲያ እወስዳለሁ» በሉ። ርካሽ የውሃ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይም አትለጥፉት፤ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። ኤምዲኤፍ ላይ ለጥፋችሁ ሰሌዳውን ስቀሉ።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታየው አለመገልበጡን አረጋግጡ፤ መስኮት ላይ ከውስጥ ለሚለጠፍ ስቲከር ገልብጠው ስለሚያትሙ አንዳንዴ ከሌላ ሥራ ጋር ይቀላቀላል። አልቲሜት ላይ ሰማያዊ የለበሰው ሊንክ ሰይፉን የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው። በቀደሙት የስማሽ ጌሞች ግን ግራኝ ነበር፣ ስለዚህ አሮጌ ሥዕል ከሆነ ተቃራኒውን ጠብቁ። የስትሪት ፋይተሩ አንድ ዓይና ሳጋት ከሆነ የተሸፈነው ቀኝ ዓይኑ ነው።

ሥዕሎቹ የኒንቴንዶ፣ የኤስኤንኬ፣ የካፕኮምና የሌሎች ባለመብቶች ንብረት ናቸው፤ በኛም አገር የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) አለ። አባዝቶ መሸጥ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ለሽያጭ የሚሆን ብዙ ኮፒ አላትምም ማለቱን ወደነዋል።

ዋጋው በካሬ ነው፣ ባዶ የቀረው የጥቅልል ጎንም ይታሰባል። ጥቅልሉ 1 ሜትር ከ60 ከሆነና ሥዕላችሁ 1 ሜትር ስፋት ካለው በቀሪው 60 ሳንቲም ሜትር ሌላ ትንሽ ሥዕል ጎን ለጎን እንዲገባ ጠይቁ። ለባነር ወደዚህ ቤት ሂዱ፤ የሺንኪሮን ሥዕል ግን ፎቶ ለሚያጥብ ስቱዲዮ ስጡ።