ከተጣለ ቬፕ የሠራሁት የኮሪደር መብራት፦ ከ9 ወር በኋላ

የቤታችን ኮሪደር መስኮት የለውም። በቀትርም ጨለማ ነው። ለንደን ውስጥ ፍላት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይገባዋል። ባለፈው መስከረም ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራ መብራት ሠራሁለት። ባትሪውም የቻርጅ ቦርዱም ከተጣሉ ቬፖች፣ ማለትም ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች፣ የወጡ ናቸው። የመብራቱ ማቀፊያ ደግሞ የሻይ ቅጠል ጣሳ ነው። ባለቤቴ አይታ «ምናለሽ ተራን ለንደን አመጣህብኝ» አለች። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ቬፖቹን የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ብሪታኒያ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ መሸጥ የከለከለችው በጁን 2025 ነው። እሱ ከዚያ በፊት እየጨረሰ መሳቢያው ውስጥ የወረወራቸውን በፌስታል ሞልቶ አመጣልኝ። ብዙዎቹ ታች በኩል የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ አላቸው። እስቲ አስቡት፤ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከነቻርጅ ማድረጊያው ቆሻሻ ውስጥ ሊገባ።

ለመክፈት ፒንሳና ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። ጓንት ግን የግድ ነው፤ የተረፈው ፈሳሽ ኒኮቲን አለው፣ በቆዳም ይገባል። የማንጎ ሽታው ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ከረመ። ውስጡ 550 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ጣት የሚያህል ባትሪ አለ። ከሱ ጋር ጥፍር የምታህል ቦርድ። እኔ ሦስት ተመሳሳይ ባትሪ መርጬ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኘሁ። ከዚያ በፊት ግን ሦስቱንም ለየብቻ ሞልቼ በመልቲሜትር ለካኋቸው። አንዱ 4 ሌላው 3 ቮልት ሆኖ ከተገናኙ፣ ሙሉው ወደ ባዶው ባንዴ ይገለበጣል። ደግሞ የባትሪው ገላ ላይ አልበየድኩም፤ ከፋብሪካ የመጣውን ሽቦ ነው የቀጠልኩት።

በባትሪዎቹ ጉልበት ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቬፕ ሲሳብ አንዱ ባትሪ ብቻውን ወደ 3 አምፒር ይተፋል። የኔ ስድስት ነጭ ኤልኢዲዎች በሙሉ ተደምረው 120 ሚሊአምፒር ነው የሚወስዱት። ሽርሽር ነው። አንዴ ከሞላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ያገለግላል፤ ሁለት ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱበት ኮሪደር ላይ ማለት ነው። ለመሙላት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ቦርዱ ነው ያስቸገረኝ።

መጀመሪያ ኤልኢዲዎቹን፣ የቬፑን ፈሳሽ የሚያሞቀው ጥቅልል ሽቦ በነበረበት ቦታ አስገባኋቸው። ቦግ አሉ። ደስ አለኝ። ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ድርግም። ቦርዱ የሚያውቀው ትንፋሽ ብቻ ነዋ! ሰው ከዚያ በላይ እንዳይስብ ይቆርጣል። ስለዚህ መብራቱንና የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን በቀጥታ ከባትሪው አያያዝኳቸው፤ ቦርዱ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ቀረ።

ከዚያ የቻርጀሩ ነገር መጣ። በስልኬ ቻርጀር፣ ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነው ገመድ፣ ሰካሁት። ምንም የለም። ቦርዱ ሞተ ብዬ አንድ ምሽት ፈታሁ ገጠምኩ። ለካ ያ ዓይነቱ ቻርጀር ኃይል የሚለቀው በሶኬቱ ላይ 5.1 ኪሎኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክ የሚገቱ ትንንሽ ክፍሎች) ሲያገኝ ነው። የቬፑ ሠሪ እነሱን እንኳ ቆጥቧል። በአሮጌው፣ አንድ ጫፉ ሰፊ በሆነው ገመድ ስሰካው ወዲያው ቀዩ በራ።

ዋናው ጥፋት ግን የኔ ነው፤ ያወቅኩትም በጥር ነው። ለገና አዲስ አበባ ሄደን 5 ሳምንት ቆየን። ስንሄድ የመብራቱ ባትሪ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፣ አላጠፋሁትም። ስንመለስ በሩን ከፍተን ገባን፤ ጨለማ። ለካሁት። 1.9 ቮልት። ሊቲየም ባትሪ እንዲህ ከወረደ ውስጡ ይበላሻል፤ መልሶ መሙላት አደጋ አለው። ምን ሆኖ መሰላችሁ? የኔ ቦርድ ባትሪው ሲደክም የሚቆርጠው የራሱን መውጫ እንጂ ባትሪውን አይደለም። እኔ ደግሞ መውጫውን ዘልዬ ነው የቀጠልኩት። ሴንሰሩ ማንም በሌለበት ቤት ሰው እየጠበቀ ባትሪውን ጠብ ጠብ አድርጎ ጨረሰው።

ሦስቱንም ባትሪ መሰብሰቢያ ወሰድኳቸው። በሌሎች ሦስት ተካሁ፤ 2.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ የሚቆርጥ፣ ዋጋው አንድ ፓውንድ የማይሞላ መከላከያ ቦርድም ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ 5 ወር ሆነው፤ እስካሁን አላስቸገረም። እንደገና ብሠራ ይህችን ቦርድ ከመጀመሪያው ቀን አስገባታለሁ። ከቬፑም ባትሪውን ብቻ ነበር የምወስደው።

የቀረው ትንሽ ነገር ነው። ሴንሰሩ ዝም ብሎ የቆመን ሰው ከሁለት ሰከንድ በላይ አይታገሥም። ባለቤቴ ጫማዋን የምታስረው በአንድ እጇ እያውለበለበች ነው። ቻርጅ የማደርገውም ነቅተን እያለን፣ ወጥ ቤት ሰድሉ ላይ አድርጌ ነው። ሌሊት ሰክቼ ተኝቼ አላውቅም። አንዱን ለእናቴ አዲስ አበባ ልወስድላት አስቤ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማታል ብዬ። ግን በእጅ የተሠራ የሊቲየም ባትሪ ይዤ አውሮፕላን ልሳፈር? ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ለኔም አልጋዬ ሥር አንድ ሥራልኝ» አለኝ። ለሱ ከሱቅ ገዛሁለት።