አልፋ ሮሜዮ 1750 ጂቲቪ፦ መስመሯን አይቶ መግዛት

ከአሮጌዎቹ የጣሊያን ስፖርት ኩፔዎች ውስጥ ለዓይን የምታምር፣ ዘወትርም ልትነዳ የምትችል አንዲት መኪና ምረጡ ከተባለ መልሱ 1750 ጂቲቪ ናት። ከላንቻ ፉልቪያ ኩፔ የበለጠ ጉልበት አላት፤ መለዋወጫዋም ከብዙዎቹ የዘመን ጓደኞቿ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ገዢን የሚያከብረውም ሆነ የሚያከስረው ግን ላሜራዋ ነው። ላሜራዋ ምን እንደደረሰበት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ንድፏ ስለሆነ፣ ስለ ውበቷ ማወቅ ለገዢ ቅንጦት አይደለም።

የቤተሰቡ የመጀመሪያ መኪና ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቅርጿን ያወጣው ጆርጄቶ ጁጃሮ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ሆኖ በቱሪኑ ቤርቶኔ ቤት ይሠራ ነበር። 1750ዋ በ1968 መጣች፤ በ1971 ቦታዋን ለ2000 ጂቲቪ ለቀቀች።

በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2,350 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አራት ሜትር ከትንሽ በምትሆን መኪና ላይ አራት መቀመጫ ገብቷል። እንዲህ አጭር ሆና ድብልብል የማትመስለው ከፊት መብራቱ ተነሥቶ ከመስኮቶቹ ሥር በበሩ ላይ እያለፈ እስከ ኋላ በሚሄደው ስለታም መስመር ምክንያት ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ላሜራ ብርሃን ይቀበላል፤ በታች ያለው ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ጥላ ይይዛል። በዚህ የተነሣ ጎኗ ከእውነተኛ ቁመቱ ያነሰ ይመስላል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ቀጫጭን፣ መስታወቶቹም ሰፋፊ ናቸው፤ ነጂው በአራቱም አቅጣጫ ያያል። የኋላው መስታወት ጎንበስ ብሎ ከአጭሩ የሻንጣ ክዳን ጋር ሲገናኝ የተጨመረበት ጌጥ የለም። ሙሉ ውበቷ የሚታየው ከኋላ በሰያፍ ቁጢጥ ብለው ሲያዩዋት ነው፤ መኪናን ከፊት ብቻ አይቶ መፍረድ እዚህ ላይ ያስስታል።

አፍንጫዋ ግን ክርክር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ከአፍንጫው ላሜራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከግራ ፓራፋንጎ እስከ ቀኝ ፓራፋንጎ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ጣሊያኖች ስካሊኖ የሚሉት ይህን ነው። በ1750 ላይ ይህ እርከን ጠፍቶ ኮፈኑ ከአፍንጫው ጋር እኩል ሆነ፤ መብራቶቹም ከሁለት ወደ አራት አደጉ። በሥዕልነቱ በእኔ ዓይን የሚበልጠው እርከን ያለው ፊት ነው፦ ያቺ ጥላ ሰፊውን ኮፈን ትቆርጠዋለች፤ ብቸኞቹ መብራቶችም ዳር ይዘው ፊቷን ያሰፉታል። አራቱ መብራቶች ግን ሌሊት ላይ ትክክለኛ ጥቅም አላቸው። እርከኑን የግድ የሚፈልግ ሰው በ1,290 ሲሲ ሞተር የምትሄደውንና ይህን ፊት እስከ 1970 ይዛ የቆየችውን ጂቲ 1300 ጁኒየር ይመልከት።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ አፍንጫውና የፊት ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን የታሰሩ ሳይሆኑ የተበየዱ ናቸው። ከፊት የተጋጨች ወይም የዛገች መኪና አፍንጫዋ ተቆርጦ ሌላ ይበየድላታል፤ ርካሹ ምትክ ላሜራ ደግሞ ኩርባው ከዋናው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ይከተሉ። በአንድ በኩል ጣት የሚነካው ጠርዝ ከፍ ካለ፣ ወይም ክፍተቱ ወደ መስታወቱ እየጠበበ ከሄደ ሥራ ተሠርቶበታል። እርከን ባላት መኪና ላይ ጥቁሩ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ቀጥሎ ዓይንን ከኋላው መብራት አጠገብ አድርገው የጎኑን ስለታም መስመር ወደ ፊት ይዩ። በፋብሪካ የታተመ ላሜራ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ስቱኮ የተለቀለቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል፣ ብርሃኑም ይወላገዳል። እዚያ ቦታ ላይ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ዝገቱ የሚጀምረው ከማይታይ ቦታ ነው። ከበሮቹ ሥር ያለው የጎን ተሸካሚ ውጪ፣ መካከልና ውስጥ ሆኖ በሦስት ድርብ ላሜራ የተሠራ ነው፤ የቦዲውን ጥንካሬ የሚይዘውም እሱ ነው። የፊት ጎማ የሚወረውረው ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባ፣ ከበሩ ምሰሶ ፊት ተጠራቅሞ እርጥበት ይይዛል። ከፊት መስታወቱ ሥር የሚገባው ውሃም ወደዚያው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ማታለል በበሰበሰው ላይ አዲስ የውጪ ላሜራ በይዶ ቀለም መቀባት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ክሪኩን በመኪናዋ የራሷ የክሪክ ቦታ ላይ ያስገቡ፣ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ብቻ ያንሱ፣ ከዚያ በሩን ይክፈቱና ይዝጉ። በሩ ከነካከሰ ወይም አልዘጋ ካለ ተሸካሚው አልቋል። ክሪኩ ራሱ ላሜራውን እየጨፈለቀ ከገባ ደግሞ ወዲያው ያውርዱት።

ከዚያ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ በሻንጣው ውስጥ የስኮርታ ጎማው የሚተኛበትን ጉድጓድ፣ ከራዲያተሩ ሥር የሚያልፈውን ተሻጋሪ ብረት፣ የበሮቹን ታች፣ የኋላ ጎማ ቅስቶችን ማየት ነው። የሻንጣው ጉድጓድ ውሃ ከያዘ የኋላው መስታወት ላስቲክ ደርቋል። ጤናማ ቦዲ ከደከመ ሞተር ጋር ካገኙ ይግዙ፤ በተገላቢጦሹ ከሆነ ይተዉት። ሞተር አውርዶ ማደስ ወጪው ይታወቃል፤ ሦስት ድርብ የበሰበሰ ላሜራ ግን እስኪከፈት ድረስ ሒሳቡን ማንም አይነግርዎትም።

ሞተሯ የአልፋ ኩራት ናት ብል አላጋነንኩም። 1,779 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 80፣ የፒስተኑ ምልልስ 88.5 ሚሊ ሜትር፣ ብሎኩም ቴስታታውም (ከብሎኩ ላይ የሚቀመጠው የሞተር ራስ) አሉሚኒየም፣ ሁለት ካምሻፍት በካቴና የሚነዳ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ሙቀት እንዲያወጡ በውስጣቸው ሶዲየም የተሞሉ። ጉልበቷ ወደ 120 ፈረስ ነው። ከእሷ በፊት ከነበረችው ባለ 1600 ሲሲ ሞዴል የምትለየው ገና ከዝቅተኛ ዙር ጀምራ ስለምትጎትት ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ሙሉውን ይኬዳል።

የታወቀው ደካማ ጎኗ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ዘይት ከብሎክ ወደ ቴስታታ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በትንንሽ ጎሚኒዎች የታሸጉ ናቸው፤ እነሱ ሲደርቁ ዘይት ወደ ውሃው ይገባል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ውስጡ ቡናማ ቅባት ካለ ቴስታታው ይነሣል። ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና በልክ መጥበቅ አለባቸው፤ ይህ ሲዘለል ነው ችግሩ ቶሎ የሚመለሰው። የዘይት ግፊቱን ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያንብቡ፦ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ከ0.5 እስከ 1፣ በጉዞ ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ በመግቢያ ከ0.475 እስከ 0.50፣ በመውጫ ከ0.525 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር ነው። የሚስተካከለው በውፍረት በሚለያዩ ትንንሽ የብረት ክዳኖች ስለሆነ ካምሻፍቱ መውጣት አለበት። ሻጩ «በቅርቡ ተስተካክሏል» ካለ የተለካውን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይጠይቁ።

ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ፣ ካርቡሬተሩም የሚተፋ ከሆነ አብዛኛው ሰው ጥፋቱን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ላይ ያላክካል። ከዚያ በፊት በሁለቱ መንታ ካርቡሬተሮችና በሞተሩ መካከል ያሉትን የላስቲክ መያዣዎች መፈተሽ ይሻላል። ላስቲኩ ከብረቱ ሲላቀቅ ወይም ሲሰነጠቅ አየር ከጎን ይገባና ድብልቁ ይሳሳል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በመያዣው ዙሪያ በጥቂቱ ይርጩ፤ የሞተሩ ዙር ከተለወጠ መያዣው አልቋል፣ አራቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ። ለአሜሪካ የተላኩት 1750ዎች በካርቡሬተር ፈንታ የስፒካ ሜካኒካል ኢንጀክሽን አላቸው። በትክክል ከተስተካከለ ግሩም ነው፤ የሚያውቀው ባለሙያ በአቅራቢያ ከሌለ ግን አይግቡበት።

አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ በዘመኑ ወደር የለውም፤ ሁለተኛ ማርሹ ግን ልበ ስስ ነው። ዘይቱ ሳይሞቅ ሁለተኛ ቢያስቸግር የተለመደ ነው። ሞቆም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ የሚፋጭ ከሆነ የናስ ቀለበቱ ተበልቷል፤ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት። ዘይቱ ጂኤል-4 ይሁን። በጂኤል-5 ውስጥ ያሉት አንዳንድ ቅመሞች ናሱን ስለሚጎዱት ብዙ ካምቢዮ ያለ ዕድሜው የሚያልቀው በዚህ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። በተወሰነ ፍጥነት ከወለሉ ሥር የሚመጣ ንዝረት ከካምቢዮው ጀርባ ያለው የላስቲክ መጋጠሚያ ወይም የመካከለኛው ኩሽኔታ ነው። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው፣ በደንብም ይይዛል። ጎማዋ 165 በ14 ነው፤ ከዚያ የሰፋ ሲገጠም መሪው ይከብዳል፣ ያ የታወቀ ልስላሴውም ይጠፋል።

ከ2000ዋ ጋር ስትነጻጸር የ2000ዋ ሞተር ይበልጥ ይጎትታል፤ በ1750 ክሩስኮት ላይ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ሰዓቶችና ቀላሉን የፊት ወንፊት ግን በምንም አልለውጣቸውም። ብዙ 1750ዎች የ2000 ሞተር ተተክሎባቸዋል። ካርቡሬተር ባላቸው ላይ በብሎኩ የታተመው ቁጥር በ00548 ከጀመረ የ1750 ነው፣ በ00512 ከጀመረ የ2000። የተለወጠ ሞተር መኪናዋን መጥፎ አያደርጋትም፤ ዋጋዋ ግን መውረድ አለበት። ጂቲኤ (የዚሁ ቤተሰብ ቀላል የውድድር ሞዴል) ነች እየተባለች የምትሸጥ ካጋጠመችዎት ያንኑ ማግኔት በፓራፋንጎዋ ላይ ያስጠጉ፤ የእውነተኛዋ ጂቲኤ የውጪ ላሜራ አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይይዝም። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ አሬዜ ወዳለው የአልፋ ሮሜዮ የሰነድ ማዕከል መጻፍም ይቻላል፤ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት እጅዎ ይግባ።